እንቁላል ነጋዴውና ቀይዋ ሞተር

በአዊ ዞን ባንጃ ወረዳ፣ ከእንጅባራ ወጣ ብላ በምትገኝ የደጋ መንደር አንድ ጎረምሳ እንቁላል ነጋዴ ነበር። ንግዱ ውስብስብ አይደለም። ከየቤቱ እንቁላል ይለቅማል፤ በቅርጫት ውስጥ ጭድ ጎዝጉዞ ይደረድራል፤ ቅርጫቱን ተሸክሞ አስፋልት እስኪደርስ በእግሩ ይወርዳል። ከዚያ ሚኒባስ ተሳፍሮ አንድ ቀን እንጅባራ፣ አንድ ቀን አዲስ ቅዳም፣ ሲቀናው ዳንግላ ድረስ ሄዶ ይሸጣል። ችግሩ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሣም፤ ከሞላ ደግሞ ለቅርጫት ቦታ የለውም። ገበያ ሲደርስ የሻይ ቤቱም የምግብ ቤቱም ባለቤት የዕለቱን እንቁላል ከሌላ ገዝቶ ጨርሷል።

ስለዚህ ሞተር ለመግዛት ቆረጠ። ሳንቲም በሳንቲም አጠራቀመ። ማሠልጠኛ ገብቶ የሞተር መንጃ ፈቃድ አወጣ። አዲስ ሞተር የሚታሰብ አልነበረም፤ ያገለገለ ግን ቢጨናነቅ ይደርስበታል። ዳንግላ ውስጥ ሦስት ሞተሮች ለሽያጭ እንደቀረቡ ከአንድ ደላላ ሲሰማ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም።

አያቱ የፈረስ ሰው ናቸው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ናቸው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኛው እንጅባራ ላይ ሲሰበሰብ እርሳቸውም ዳማ ፈረሳቸውን ሸልመው፣ ጋሻና ጦራቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሞተር ላይ ግን በዕድሜያቸው ተቀምጠው አያውቁም።

«አባባ፣ ነገ ዳንግላ አብረውኝ ቢሄዱ» አላቸው።

«እኔ ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ?»

«ሽማግሌ አጠገቤ ካለ ደላላው አይደፍረኝም ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። «እሺ እሄዳለሁ። ገንዘቡ ያንተ ነው፤ ምርጫውም ያንተ ነው፤ እኔ አፌን ዘግቼ እቆማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግባልኝ። የወደድካትን ሞተር ከመግዛትህ በፊት መሬት ላይ አስተኛት። ከዚያ ማንም ሳያግዝህ፣ ብቻህን አንሣት።»

«አባባ! ሞተር ይነዳል እንጂ ምን ብሎ ይተኛል?»

«ቃል ግባልኝ።»

ልጁ ነገሩ ባይገባውም ቃል ገባ።

በማግሥቱ ማለዳ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ዳንግላ ገቡ። ደላላው አንድ ሻይ ቤት በራፍ ላይ ተቀበላቸውና በስተጀርባ ወዳለው ግቢ ወሰዳቸው። ግቢው ሣር የለበሰ ነው። ሦስቱ ሞተሮች በሣሩ ላይ ተደርድረው ቆመዋል።

«ይህችን እይ!» አለ ደላላው፣ ወደ መጀመሪያዋ እየጠቆመ። አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ናት። «የጃፓን ዕቃ ነው። አቀበት አይበግራትም። የመሥሪያ ቤት ሰው ገጠር ለገጠር ሲዞርባት የኖረች ናት።»

ጎረምሳው ሞተሯን አስነሣ። ከማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ ወጣ። ደላላው ቀልጠፍ ብሎ፣ «ጭሱ አያስደንግጥህ። ባለ ሁለት ምት ስለሆነች ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ነው የምታቃጥለው» አለ። በዚህ አልዋሸም። ልጁ ግን ጭሱን ትቶ ሊብሬውን ጠየቀ። ሊብሬውን በግራ እጁ እንደያዘ ጎንበስ አለና በመሪው አንገት ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ያለበሰውን አቧራ በአውራ ጣቱ ጠረገ። አንድ በአንድ አነበበ። ሊብሬው ላይ ሦስት የሆነው አኃዝ ብረቱ ላይ ስምንት ነው።

«የጸሐፊ ስህተት ነው» አለ ደላላው።

ልጁ ሊብሬውን መለሰለትና ወደ ቀጣይዋ አለፈ። ሽማግሌው አልተናገሩም።

ቀጣይዋ ቀይ ናት። ባለ 200 ሲሲ፣ ከመሬት ከፍ ያለች፣ ጎማዋ ጥርሱ ያልተበላ፣ ሰርባትዮዋ ፀሐዩን የሚመልስ። ልጁ ገና ሲያያት ጉሮሮው ደረቀ። ቢሆንም የተማረውን አልዘነጋም። ከመነሣቷ በፊት ሞተሯን በመዳፉ ዳሰሰ፤ ቀዝቃዛ ነው። ገዢ ከመድረሱ በፊት አሙቆ የሚያቆይ ሻጭ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት አልነሣም እንደሚል የሚደብቅ ሻጭ መሆኑን ሰምቷል፤ የዚህች ባለቤት ግን አላሞቃትም። ሲረግጣት በመጀመሪያው ተነሣች። አላጨሰችም። ጋዝ ሲሰጣት አልተንገዳገደችም። ካቴናዋ አልላላም፤ የፊት አሞርዛተሯ ዘይት አያንጠባጥብም፤ የሻንሲ ቁጥሯ ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። ቦሎዋም የዘንድሮ ነው። እንከን ቢፈልግ እንከን አጣባት።

ወጣባት። የጫማው ጫፍ ብቻ መሬት ነካ።

«ትለምደዋለህ» አለ ደላላው። «ይህቺን ይዘህ እንጅባራ ስትገባ ማን እንደምትባል ታያለህ።»

ልጁ ማን እንደሚባል ለአፍታ ታየው። ወዲያው ቃሉ ትዝ አለው። ወረደና፣ «አንዴ ላስተኛት ነው» አለ።

«ምን?»

«ሣሩ ላይ ላስተኛት።»

ደላላው ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባቴ፣ ልጅዎ ጤና ነው? ሞተር እንደ በግ ተጥሎ ነው እንዴ የሚታየው?» ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው የግቢውን አጥር ያያሉ። የቀይዋ ባለቤት ግን ትከሻውን ነቀነቀና ፈቀደ።

ስትተኛ አላስቸገረችም። ልጁ መሪዋን ይዞ ጎትቶ ሊያነሣት ሲል ግን ንቅንቅ አላለችም። ወገቡን አጎንብሶ ሳበ። እስከ ጉልበቱ ከፍ አለችና ተመልሳ ተኛች። እንደገና ሳበ። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ከሻይ ቤቱ ብርጭቆ የያዙ ሰዎች ወጥተው ከበቡት። አንዱ፣ «እሷ ባነሣችህ ይሻል ነበር!» አለና ሁሉም ሳቁ። በመጨረሻ ባለቤቱ መጥቶ ከኋላ ደገፈለትና ሞተሯ ቆመች።

ሦስተኛዋ ባለ 150 ሲሲ ባጃጅ ቦክሰር ናት። የአንድ አስተማሪ ንብረት ናት፤ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ነው የሚሸጣት። የግራ ጎኗ ተፍቋል። አንድ መስታወት የላትም። የመቀመጫዋ ቆዳ ተቀዶ በጥቁር ክር ተሰፍቷል።

ደላላው ስለዚህችኛዋ ብዙ አላወራም። የተናገረው አስተማሪው ራሱ ነው። «የኋላ ጎማዋ አልቋል፤ ቀይረው። ካቴናዋም ብዙ አይቆይም። ሁለት ጊዜ ወድቄባታለሁ፤ ይኸው ምልክቱ። ሞተሯ ግን ተከፍቶ አያውቅም፤ ዘይቷን በጊዜው ነው የምቀይረው። ዕቃዋ ደግሞ የትም አለ፤ እንጅባራም አዲስ ቅዳምም ታገኛለህ።»

ልጁ ዳሰሳት፤ ቀዝቃዛ ናት። በሁለተኛው ርግጫ ተነሣች። ነጭ ጨርቅ ማርሚታዋ አጠገብ ቢይዝ ዘይት አልነካውም። ሲወጣባት ሁለቱም እግሮቹ ሙሉ በሙሉ መሬት ረገጡ። አስተኛት። ጎትቶ ሲያነሣት አቃሰተ እንጂ አነሣት።

አሁን ሁለት ዋጋ ከፊቱ ቆመ። ቀይዋን ከገዛ ያጠራቀመው ሁሉ በዚያው ያልቃል። ቦክሰሯን ከገዛ ለሄልሜት፣ ለጎማ፣ ለካቴና፣ ለሦስተኛ ወገን መድን፣ ለአንድ ቅርጫት እንቁላል መግዣም ይተርፈዋል። ሒሳቡ ግልጽ ነው። ልቡ ግን ሒሳብ አይችልም። «ደግሞስ» ይላል ልቡ፣ «ማን መሬት ላይ ይጥላታል? ተጠንቅቄ ብነዳትስ?»

ወደ አያቱ አየ። ሽማግሌው አጥሩ ላይ ስለ ተቀመጠው ወፍ የሚያስቡ ይመስላሉ።

ቃል ቃል ነው፤ ቦክሰሯን ገዛ። ውሉን ፈርመው ሲወጡ የተረፈው ገንዘብ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ልቡ ግን ቀይዋ ጋ ቀረ። ገና አስፋልት ሳይደርሱ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ከእንጅባራ መጥቶ ቀይዋን ሲዋዋል አየ። እሱም ለሞተር አዲስ ነው። እንቁላል ነጋዴው ቀይዋን አልፎ አልፎ መንገድ ላይ ሲያያት ፊቱን ያዞር ጀመር።

ክረምት ገባ። የአዊ ክረምት ቀልድ አያውቅም። ጉሙ ጠዋት ይወርዳል፤ ዝናቡ ቀትር ላይ ይጀምራል፤ የፋግታ ለኮማን የዲከረንስ ዛፍ ከሰል የሚያመላልሰው መኪና የገጠሩን መንገድ ሲያቦካው ይውላል። ጎረምሳው ሰኔ ሳያልቅ የመጀመሪያውን ውድቀት ወደቀ። ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን በድንገት ያዘ፤ የፊት ጎማው ሸርተት አለ፤ እሱ ወደ ቀኝ፣ ቦክሰሯ ወደ ግራ፣ ቅርጫቱ ወደ ገደሉ።

ዙሪያውን አየ። ሰው የለም። ያለው ዝናብና ዛፍ ነው። ሞተሯን ሊጎትት ሲል እግሩ ጭቃው ላይ ተንሸራተተ። ሁለተኛ ሞከረ፤ ራሱም ወደቀ። ተቀምጦ አሰበ። ከዚያ ማርሽ አስገባና ጎማዋን አሰረ። ጀርባውን ለሞተሯ ሰጥቶ ቁጢጥ አለ፤ አንድ እጁን መሪዋ ላይ፣ አንዱን ከመቀመጫዋ ሥር አደረገ፤ መቀመጫዋን በዳሌው ገፋ። ወገቡን ትቶ በእግሩ እየገፋ በትንሽ በትንሹ ወደ ኋላ ረገጠ። ቦክሰሯ ቆመች።

ያን ዕለት ቤት የገባው ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው አስኳል ሆኖ ነው። የሰኔ ጾም ስለነበር ከስብርባሪው የቀመሱት ውሻውና ለጾም ያልደረሱት ሕፃናት ብቻ ነበሩ።

«ወደቅክ?» አሉት አያቱ።

«ወደቅኩ።»

«ማን አነሣልህ?»

«ራሴ።»

«ደግ» ብለው ወደ ፈረሳቸው ሄዱ።

በሐምሌም ወደቀ። በነሐሴም ወደቀ። እያንዳንዱ ውድቀት ግን አንድ ነገር ያስተምረዋል። ጭቃ ላይ ፍሬን በድንገት እንደማይያዝ፣ ቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ እንደሚወረድ፣ ቅርጫት ከፍ ብሎ ከታሰረ ሞተሩን እንደሚያወዛውዝ፣ በጉም ውስጥ መብራት አብርቶ ዝግ ማለት ከመድረስ እንደማያስቀር እየወደቀ ተማረ። ማስታወሻው እንቁላሉ ነበር። በሰኔ ግማሹ ይሰበራል፤ በነሐሴ ሩቡ፤ መስከረም ሲጠባ ከቅርጫቱ ሥር ያሉት ሁለት ሦስቱ ብቻ። ለታኅሣሥ ገበያ ሲወርድ ቅርጫቱ እንደተደረደረ ይደርስ ጀመር። የአዲስ ቅዳም ምግብ ቤቶች ከእሱ ሌላ አይጠብቁም።

የጨርቅ ነጋዴው ልጅም በሐምሌ ወድቆ ነበር። ከእንጅባራ ወደ ዘንገና ሐይቅ አቅጣጫ ሲሄድ ከአስፋልቱ ወጥቶ አንድ ጥርጊያ ላይ ሊቆም ሲል እግሩ መሬት አልደረሰም፤ ቀይዋ በቁሟ ዘንበል አለችና ተኛች። አልተጎዳም። ሞተሯም አልተጎዳችም። ግን ሊያነሣት አልቻለም። ቤንዚኗ በሣሩ ላይ እየፈሰሰ፣ ዝናቡ እየወረደበት አጠገቧ ቆመ። ከረጅም ሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ቆመለት፤ ሁለት ረዳቶች ወረዱና እየሳቁ አነሡለት። ከሞተሯ ይልቅ ሳቁ ከበደው። ቀይዋን ከሱቁ ጓሮ አስገብቶ ላስቲክ አለበሳት። ሰው ሲጠይቀው፣ «ክረምቱ ይውጣ» ይላል። ክረምቱ ወጣ። ጥቅምትም አለፈ። ላስቲኩ አልተነሣም።

ጥር 23 ደረሰ። እንጅባራ በሕዝብ ጢም አለች። ከየወረዳው የመጣው ፈረሰኛ በሜዳው ፈሰሰ። ሽማግሌው ዳማቸው ላይ ሆነው ሲያልፉ ጎረምሳው በኩራት አየ። በዓሉ ካበቃ በኋላ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ሕዝቡን ሰንጥቆ ወደ እሱ መጣ።

«ያቺን ቀይ ሞተር ታውቃታለህ አይደል? ልሸጣት ነው። በገዛሁባት ግማሽ ውሰዳት።»

ያ ድሮ የደረቀው ጉሮሮ እንደገና ደረቀ። ሄዱ። ሽማግሌውም ፈረሳቸውን በልጓም እየሳቡ ተከተሏቸው። ላስቲኩ ተነሣ። ቀይዋ እንደ ነበረችው ናት።

ልጁ ምንም ሳይናገር መሬት ላይ አስተኛት። የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ደነገጠ፤ «ኧረ ተው! ማን ሊያነሣት ነው?» አለ። ጎረምሳው ማርሽ አስገባ። ጀርባውን ሰጣት። ቁጢጥ አለ። በእግሩ ገፋ። ቀይዋ ተነሥታ ቆመች።

የጨርቅ ነጋዴው ልጅ አፉን ከፍቶ ቀረ። የጎረምሳው ክንድ እንዳምናው ነው፤ ቁመቱም እንዳምናው ነው።

«ክረምቱን ምን ስትበላ ነው የከረምከው?» አለው።

«የተሰበረ እንቁላል» አለ ጎረምሳው።

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። ዳማው በሳቃቸው ጆሮውን አቆመ።

ጎረምሳው ቀይዋን ወጣባት፤ ግቢውን ዞረባት፤ ተመልሶ አቆማት። ገንዘቡ አለው። ዋጋው ግማሽ ነው። ወደ አያቱ ዞሮ፣ «አባባ፣ ምን ይላሉ?» አለ።

«አፌን ዘግቻለሁ ብዬህ አልነበር?»

ልጁ ትንሽ አሰበና ቁልፉን ለባለቤቱ መለሰ። «ሞተርህ ጥሩ ናት። የኔ ሥራ ግን እንቁላል ነው፤ ለእንቁላል ቦክሰሯ ትበቃኛለች። አንተም ለመሸጥ አትቸኩል። እሑድ እሑድ ከሰዓት ቦክሰሬን ሜዳው ላይ አመጣልሃለሁ። መጀመሪያ እሷን አስተኝተህ አንሣ፤ ከዚያ እሷን ንዳ፤ ከዚያ ይህችን መሸጥ አለመሸጥህን ራስህ ትወስናለህ።»

«እወድቃለሁ እኮ።»

«አዎ፣ ትወድቃለህ» አሉ ሽማግሌው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣልቃ ገብተው። «እኔም ዳማ የተቀመጥኩት ከአባቴ አሮጊት ባዝራ ስንት ጊዜ ከወደቅኩ በኋላ ነው።»

የመጀመሪያው እሑድ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ አራት ጊዜ አስተኝቶ አንድ ጊዜ አነሣ። በሁለተኛው እሑድ ሦስት ጊዜ አነሣ። በሦስተኛው ከማንሣት አልፎ ሜዳውን ዞረባት። የሜዳው ልጆች መጀመሪያ ላይ ይስቁ ነበር፤ ኋላ ሲሰለቻቸው ወደ ኳሳቸው ተመለሱ። የዐቢይ ጾም ሲገባ ላስቲኩን ከቀይዋ ላይ ገፈፈ። ሄልሜት ገዛ። ከሱቅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከዚያ ወደ አዲስ ቅዳም ይነዳት ጀመር።

እንቁላል ነጋዴው ዛሬም ቦክሰሯን ይነዳል። የኋላ ጎማዋን ቀይሯል፤ ካቴናዋን ቀይሯል፤ የተሰፋውን መቀመጫ ግን እንዳለ ትቶታል። በመንደሩ አዲስ ሞተር የሚገዛ ልጅ ሲኖር አብሮት ገበያ ይወርዳል፤ ስለ ዋጋም ስለ ቀለምም አይናገርም፤ ልጁ የወደዳትን ሞተር መሬት ላይ አስተኝቶ ብቻውን እስኪያነሣ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል።

የጨርቅ ነጋዴው ልጅም ከፋሲካ በኋላ ከእንጅባራ ቻግኒ ድረስ ጨርቅ ጭኖ ይመላለሳል፤ የሚመላለሰውም በዚያችው በቀይዋ ሞተር ነው። ቀይዋ ሞተር ድሮም ጥፋት አልነበረባትም።